የኋላው ግራ ጎማ

ይሄይስን ያን ዐርብ ጠዋት የቀሰቀሰው ዶሮ አልነበረም፤ የገዛ ሐሜቱ ነበር። የሚተኛባትን ክፍል ከአጎቱ ከአቶ አድማሴ መኝታ ቤት የሚለያት አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ ብርድ ይከላከል እንደሆን እንጂ ወሬ አይከላከልም። «ልጁ መኪናዬን ገደላት» ይላል የአጎቱ ድምፅ። «ከሽንዲ ከተመለሰ ወዲህ እንደ ወፍጮ ትፈጫለች። ወጣት አይደል፣ ሰው በማያይበት ይጋልባታል። ዛሬ ቡሬ ስንደርስ ቁልፉን ለሾፌሩ ለሀይሉ እሰጠዋለሁ፤ ተነጋግረን ጨርሰናል። እሱ ሽንዲ ይግባና የአባቱን መሬት ይረስ።» ከዚያ የሚስቱ የወይዘሮ እታለም ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ። «የእኅትዎ ልጅ አይደለም? ደግሞስ ያን ሰሞን አንቱ ራስዎ...» ብላ ስትጀምር፣ «አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂና» የሚል ቁጣ አቋረጣት። አልጋው ሲንቋቋ ተሰማና ወሬው በዚያው ቀረ።

ይሄይስ ጣሪያውን እያየ ትንሽ ተጋደመ። ነገሩ አናደደው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በዚያ ዘመን የግል አውቶሞቢል ያለው ሰው በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል፤ የአጎቱን ቁልፍ ያስረከበ ሾፌር ሌላ ቁልፍ የሚሰጠው የለም፣ በተለይ «መኪና የገደለ» ከተባለ። በሽንዲ የአባቱ መሬት ለሁለት ታላላቅ ወንድሞቹም አልበቃም። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ከንዴቱ በታች ሌላ ስሜት ነበር፤ እሱ ራሱ እንኳ ያፈረበት የሚመስል ደስታ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያ የመኪናዋ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ሲፈልግ ሰንብቷል። ተኝቶም ሲበላም ስለ እሱ ነው የሚያስበው። አሁን ቀጠሮ ተቆረጠለት ማለት ነው። ከዚህ ቡሬ አንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ቡሬ ሳይደርስ ያገኘዋል፣ አለዚያም ቁልፉን ያስረክባል። ተስፈንጥሮ ተነሣ።

መኪናዋ ከቅቤው መጋዘን አጠገብ ቆማለች። አቶ አድማሴ የቅቤ ነጋዴ ነው፤ ከጅጋና ከገጠሩ በቅል የሚመጣለትን ቅቤ በጣኒካ እየሞላ ደብረ ማርቆስ ይልካል፤ ግቢው ሁሉ፣ ሰዉም ድመቱም፣ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። መኪናዋን ከአምስት ዓመት በፊት ነው የገዛት፤ ከጣሊያን ዘመን የተረፈች፣ ክብ ዐይን፣ ጎማዋን ከላይ የሚከልል ሰፊ ፓራፋንጎ ያላት ጥቁር አውቶሞቢል ናት። ከተማው «ጥቁሯ» ይላታል። ይሄይስ ሲቀርብ ሦስት የሰፈር ውሾች የኋላውን ግራ ጎማ ከበው አገኛቸው። አንዱ ጎማው መሀል አፍንጫውን ሸጉጦ ይልሳል። በድንጋይ አባረራቸው። ሰሞኑን እነዚህ ውሾች ከጥቁሯ ጋር ምን እንዳላቸው አልገባውም፤ ውሻ ጎማ ላይ እግሩን ሲያነሣ አይቷል፣ ጎማ ሲልስ ግን አላየም። እንዲያው ረኀብ ነው ብሎ ተወው።

ፍሬኑን ከፍቶ አይቷል፣ ደኅና ነው። የጎማውን ብሎኖች አጥብቋል። ሞላውን፣ ጭስ ማውጫውን፣ ከሥር የታሰረውን ሁሉ ነቅንቋል። ያላየው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከየኋላ ጎማው በስተውስጥ እንደ ጠርሙስ ክዳን የሚጠመዘዝ ትንሽ የነሐስ ቋት አለ፣ ግራሶ ሞልተው ሲያጠብቁት ግራሶው ጎማው ወደሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ይገባል። እሱን ግን ለአባቱ ተዝካር ወደ ሽንዲ ከመሄዱ አንድ ቀን አስቀድሞ በገዛ እጁ ግጥም አድርጎ ሞልቶታል። በገዛ እጁ የሠራውን ማን ይጠረጥራል።

ወይዘሮ እታለም የታጠበ ነጭ ጋቢ ይዛ ወጣች። መሪጌታ ክንፈሚካኤል የሚቀመጡበት ወንበር ላይ የሚነጠፍ ነው። እሑድ የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ይከበራል፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ በሙሉ የገዛው አቶ አድማሴ ነው፤ ማኅሌቱን እንዲመሩ ደግሞ እኒህን ታላቅ የዜማ መምህር ከቡሬ በመኪናው ሊያመጣ ለካህናቱ ቃል ገብቷል። በቅሎ አይደለም፣ መኪና። ከተማው ቆሞ ሲያየው በሕልሙ ሳይቀር እንዳየ ሚስቱ ታውቃለች። ጋቢውን ለይሄይስ ሰጠችው፤ አላየችውም። ወደ ጎማው አየች፣ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ የባሏ ጫማ ከኋላዋ ሲንኳኳ ሰምታ አፏን ዘጋች። «መንገዱን ያቅናላችሁ» ብቻ አለች። አቶ አድማሴ ጥቁር ካባውን ደርቦ፣ ባርኔጣውን አጥልቆ የኋላ ወንበር ላይ ተሰየመ። ከእኅቱ ልጅ ጋር እንደምን አደርክ አልተባባሉም።

ጥቁሯ ከከተማ ወጥታ ጠጠሩን መንገድ እንደያዘች ድምፁ መጣ። መጀመሪያ እንደ ማጉረምረም፣ ከዚያ ፍጥነት ሲጨምር ክርርር የሚል፣ ጥሬ ሽንብራ በድንጋይ ላይ እንደሚፈጭ ያለ። ይሄይስ መሪውን ይዞ ፊቱ ፈካ። ወደ ላህ ወንዝ ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ማርሹን ነጻ አደረገና ሞተሩ ዝም ብሎ እንዲንሾካሾክ ተወው፤ ድምፁ አልቀረም። እንግዲህ ሞተሩም አይደለም፣ ማርሹም አይደለም፣ የሚሽከረከረው ነገር ነው። የእጅ ፍሬኑን በትንሹ ሳብ አደረገ፤ ድምፁ ያው ነው። ፍሬኑ አይደለም። ሽቅብ በሚወጣው ጥምዝ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ ሲመልስ ድምፁ ጎላ፤ ወደ ግራ ሲመልስ ዝቅ ያለ መሰለው፤ መሰለው እንጂ እርግጠኛ አይደለም፤ ከፊት ተቀምጦ የኋላውን ግራና ቀኝ መለየት ከባድ ነው። ጆሮ ቸግሮታል። ከኋላው የተቀመጠ አንድ ጥንድ ጆሮ አለ፣ ግን እንዴት ብሎ ይጠይቀዋል?

እንደምንም ጠየቀ። «አያ፣ ድምፁ ከየትኛው ወገን ይሰማዎታል? ከግራ ነው ከቀኝ?»

«ከሁሉም ነው» አለ አቶ አድማሴ በመስኮት እያየ። «መኪና እንደ በሬ ነው፤ ሲያደክሙት በሁለመናው ይጮኻል።»

ይሄይስ የጠዋቱን ነገር ሊያነሣ ብሎ ተወውና ማርሽ ቀየረ። አጎቱ በመስተዋቱ ውስጥ ባርኔጣውን አስተካከለ። ከዚያ ወዲህ እስከ ቡሬ የተናገረው ጎማው ብቻ ነው። መንገደኛው አህያውን ወደ ዳር እየሳበ ዞር ብሎ ያያል፤ ባለ ጭነቶች ይስቃሉ። ይሄይስ ግን በየጥምዙ ያዳምጣል። ግራ ነው። አይ፣ ቀኝ ነው። ግራ ሳይሆን አይቀርም። ቡሬ ከዛፎቿ መሀል ብቅ ስትል ገና አልቆረጠም ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ፈራ።

የየኔታ ክንፈሚካኤል ጉባኤ ከቡሬ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው፤ የሣር ጎጆዎች፣ አንድ ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው ሥር አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች፣ እያንዳንዱ የየራሱን ክፍል በየራሱ ዜማ የሚጮኽ። እንግዳ ሰው ጆሮውን ይይዛል። የኔታ ግን ዐይነ ሥውር ናቸው፣ ከግንዱ ተደግፈው ከአርባው መሀል አንዱ ሲስት በዘንጋቸው መሬቱን ይመታሉ፤ «አንተ ከአጥሩ ጥግ፣ ጣልከው» ይላሉ፤ ከአጥሩ ጥግ ያለው ደንግጦ ይደግማል። ሀይሉም እዚያው ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ይጠብቅ ነበር። የጭነት መኪናው ጌታ ከሸጠበት ወዲህ ሥራ የፈታ ሾፌር ነው፤ የቆዳ ጃኬት ለብሷል፤ በፀሐዩ ያልበዋል፣ ጃኬቱን ግን አያወልቀውም። ጥቁሯ ስትመጣ ከሩቅ ሰማትና ራሱን ነቀነቀ።

«ዲፈረንሻል ነው» አለ ገና ጎማውን ሳያይ። «የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩት ጥርሶች ተበልተዋል። አስሮጧታል፣ ጋሽ አድማሴ። ቀስ አድርጌ ፍኖተ ሰላም ላደርስልዎ እችላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ደብረ ማርቆስ ተጎትታ ትሂድ።» አቶ አድማሴ በድል ዓይነት ወደ ይሄይስ አየና እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን አምጣ።» ለምን እንደሆነ አላስረዳም፤ ማስረዳትም አላስፈለገውም። ይሄይስ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። መዳፉ ላይ ሞቆ ነበር። አስረከበ። «ዲፈረንሻል አይደለም» ብቻ አለ። «የጎማ ነው። አንድ ዙር ብነዳ፣ ከኋላ አንድ ሰው ቢያዳምጥልኝ፣ አገኘው ነበር።»

የኔታ ክንፈሚካኤል አጥሩን በዘንጋቸው እየነኩ ብቻቸውን መጥተው አጠገባቸው ቆመው ኖሯል። «ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እኔ አላይም» አሉ። «ያ የሚያላምጥ ነገር ግን ከወንዙ ማዶ ጀምሮ ተማሪዎቼን ሲያውክብኝ ነበር። አድማሴ፣ ልጁ አንድ ጊዜ ይንዳ። እኔ አዳምጣለሁ።» የኔታን እምቢ የሚል ጎጃሜ አልተወለደም። አቶ አድማሴ ቁልፉን መለሰ፤ እንደ ውሰት ከብት፣ ቅር እያለው።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የከብት መስክ አለ፣ ሰፊና ደልዳላ። የኔታ ከኋላ በነጩ ጋቢ ላይ ተቀመጡ፣ አቶ አድማሴ ከጎናቸው፣ ሀይሉ ከፊት እግሩን አንፈራጦ። ተማሪዎቹ ጥናታቸውን ትተው በመስኩ ዳር ተደረደሩ። «አሁን ሰው አይተንፍስ» አሉ የኔታ፣ ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አቀኑ። ይሄይስ ነዳ። «ሦስት ናቸው» አሉ ከጥቂት በኋላ። «አንዱ ከፊት ነው፣ ሞተሩ መሆኑ ነው፣ እሱ ጤነኛ ነው። አንዱ የመሬቱ ነው። ሦስተኛው... ወደ ቀኝ አዙር ልጄ።» ወደ ቀኝ አዞረ፤ ክርርሩ ጎላ። «ወደ ግራ።» ዝቅ አለ። «እንደገና ወደ ቀኝ።»  መኪናዋ ወደ ቀኝ ስትዞር ክብደቷ የሚያርፈው ግራው ላይ ነው፤ ይህን እሱ ያውቃል፣ የኔታ አያውቁም፤ እሳቸው የሚያውቁት የሰሙትን ብቻ ነው። «እዚህ ነው» አሉና በዘንጋቸው ጫፍ ከመቀመጫቸው በስተግራ፣ ልክ ከኋላው ግራ ጎማ በላይ፣ ወለሉን መቱ። «ይህ ነው የሳተው።» ከዚያ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ። «ዛሬ ዐርብ አይደለም እንዴ? ማነው ቅቤ የሚያቀልጠው?»

አቶ አድማሴ አሳለው።

ይሄይስ መኪናዋን አቁሞ ዘሎ ወረደ። መጀመሪያ የቀኙን ጎማ መሀል በመዳፉ ነካ፤ ለብ ያለ ነው። የግራውን ሲነካ እጁን በፍጥነት መለሰ፤ እንደ ምጣድ ይፋጃል። «አገኘሁት» አለ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ፤ የተቃጠለ መዳፉን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሳቀ። ውሾች ከገበያው ወገን አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ካቻቢቴውን አንሥቶ ከሥር ገባ። የነሐሱን ቋት በጨርቅ ይዞ ጠመዘዘው። ክዳኑ እንደወለቀ አንድ ነገር በክንዱ ላይ ፈሰሰ፤ ጥቁርና ወፍራም ግራሶ አይደለም፤ ወርቅማ፣ የብረት ዱቄት የሞላበት፣ ትኩስ ቅቤ ነው። ሽታው መስኩን ሞላው። ምርጥ ለጋ ቅቤ ነው፤ በቅቤ ግቢ ያደገ ሰው አይሳሳትም። ሲሞቅ ቀልጦ፣ የቀድሞውንም ግራሶ አጥቦ ይዞት ወርዶ፣ ኩሽኔታውን ባዶ አስቀርቶታል። አንዱ ውሻ ክንዱን ሊልስ መጣ።

ሀይሉ ጎንበስ ብሎ አየና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በቅቤ! መኪናን በቅቤ! ኧረ የምን ሾፌር ነው ይሄ? ጠጕሯ እንዲያድግ ነው?» ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችም ቆመው ሳቁ። ይሄይስ ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ ቀና ሲል የአጎቱን ፊት አየ። አቶ አድማሴ ጫማውን ያያል። ባርኔጣው ሥር ላብ ወጥቷል። ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ ገባው፤ እሱ ለተዝካር ሽንዲ በነበረበት ሳምንት መኪናዋ ማን ጋ እንደነበረች፣ ወይዘሮ እታለም «አንቱ ራስዎ» ብላ ለምን እንደቀረች፣ ውሾቹም። ሰውዬው ልጁ ግራሶ ሲሞላ አይቶ፣ ያ የሚገማ ጥቁር ነገር ለሚወዳት መኪናው አንሶበት፣ ካለው ሁሉ የተሻለውን ሰጥቷታል። ከዚያ በገዛ ቅቤው የእኅቱን ልጅ ኮነነው።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ይሄይስ ቃሉን አፉ ውስጥ አገኘው፤ የጣፈጠ ቃል ነበር። ግን አጎቱ ከየኔታ አጠገብ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጥፋት እንደ ሠራ ልጅ ትከሻው ወድቆ ቆሟል፤ የይሄይስን አባት ቆሞ ያስቀበረ፣ ለተዝካሩ ጠላ ማሩን የላከ ሰው ነው። ቃሉ አልወጣ አለው። «እኔ ነኝ» አለ ይሄይስ። «ተሳስቼ ነው።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ፣ ዜማ የሳተ ተማሪ ሲሰሙ እንደሚያደርጉት። በዘንጋቸው ግን መሬቱን አልመቱም። ይሄይስ ከኋላው ሣጥን ላምባና የግራሶ ቆርቆሮ አወጣ፤ ኩሽኔታውን በላምባ ደጋግሞ አጠበው፤ ጫፍ ጫፉ ተበልቷል እንጂ አልሞተም፣ ቀስ ብለው ከሄዱ ያደርሳል። ግራሶውን በጣቱ እየዛቀ ሲሞላ የኔታ አጠገቡ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። «ቆርቆሮው ሙሉ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አዎን የኔታ።» «ሽንዲ ከመሄድህ በፊትም ሙሉ ነበር?» ይሄይስ ሽንዲ መሄዱን ማን እንደነገራቸው አላወቀም፤ የአባቱ ተዝካር በአገሩ ሲወራ ሰምተው ይሆናል። «ነበር፣ የኔታ» አለ። ግራሶ ሞልቶት ሳለ ቅቤ የሚሻ ሾፌር እንደሌለ የኔታ ገብቷቸዋል። አቶ አድማሴ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማ።

ሀይሉ ሻንጣውን አነሣ። «በሉ ቁልፉን ያምጡልኝና እንነሣ። ቅቤ ቀቢውን ውሾቹ ይሸኙት።» አቶ አድማሴ ቁልፉን ከይሄይስ አልጠየቀም። ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ ባርኔጣው ጥላ አየ። «ዛሬስ... ዛሬስ እሱ ይንዳ» አለ። ሀይሉ ቀላ። «ቃልዎን ይዤ ነው ልብሴን የጠቀለልኩት፣ ጋሽ አድማሴ። ደግ። እኔም ፍኖተ ሰላም ወርጄ ነገሩን ለአገሩ አጫውታለሁ» አለና ወደ አውቶቡሱ መቆሚያ እየተንጎራደደ ሄደ።

ሲመለሱ ጥቁሯ በበቅሎ ሶምሶማ ነው የሄደችው። ድምፁ አለቀ ባይባልም ዝቅ ብሎ ብሎ ጉርምርምታ ብቻ ሆነ። ይሄይስ በየጥቂት ርቀቱ እየቆመ ጎማውን ይነካል፣ ለብ ያለ ሲሆንበት እንደ ልጅ ይስቃል። ደስታው ከልኩ በላይ ነበር፤ ስሙ ጠፍቶ፣ ነገ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር ሳያውቅ፣ ድምፁን ማግኘቱ ብቻ ያስፈነድቀው ነበር። የኔታም ደስ ብሏቸዋል፤ መኪና መሳፈር ደስታቸው ነው፤ ነፋሱን በመስኮት በመዳፋቸው እየያዙ የእሑዱን ዜማ በአፍንጫቸው ያዜማሉ። መንገድ አጋማሽ ላይ አውቶቡሱ አቧራውን እያለበሳቸው አለፈ። ሀይሉ ከነጃኬቱ በመስኮት ወጥቶ «ቅቤ! ቅቤ!» አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተቀበለው። ይሄይስ በመስተዋቱ አጎቱን አየ። አቶ አድማሴ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። አልተኛም።

ወሬ በአውቶቡስ ሲሄድ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካህናቱ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ሴቶቹ እልል እያሉ፣ ልክ አቶ አድማሴ ባለመው ዓይነት ከተማው ወጥቶ ነበር፤ ግን ከእልልታው መሀል ሳቅ ነበረበት። «ቅቤ ቀቢው መጣ!» አለ አንድ ጎረምሳ። «ይሄይስ፣ ትርፍ ካለህ ራሴን ቀባኝ» አለ ሌላው። የገበያው ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ይሄይስ የኋላውን በር ከፍቶ ቆመ፤ ጆሮው ቀልቷል፤ የተቃጠለው መዳፉ ገና ይለበልበዋል። የኔታ ወረዱ፤ ካህናቱ ዙሪያቸውን ያዙ። የደብሩ አለቃ ቄስ ገብረሰንበት ሳቃቸውን እየዋጡ አቶ አድማሴን ተቀበሉት። «አድማሴ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ፣ ለታላቅ ነገር በቃህ። ይህን ልጅ ግን እንግዲህ አሰናብተው። በቅቤ የነዳ ነገ በማር ይነዳል።» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ አድማሴ ከመኪናው ወርዶ ቆመ። ካባውን አስተካከለ። ይህን ሰዓት አንድ ወር ሙሉ ጠብቆታል፤ ሰዉ እንዲህ ከቦት፣ መኪናው እንዲህ አብርታ፣ የኔታ እንዲህ ወርደው። ዝም ቢል ያልፍለት ነበር። የሚስቁት በሌላ ሰው ነው። ባርኔጣውን አወለቀ፤ መላጣው ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ታየ። «ቅቤውን የሞላሁት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ አልወጣለትም፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። «እኔ ነኝ። ልጁ ያን ጊዜ ሽንዲ የአባቱ ተዝካር ላይ ነበር። እጁ የለበትም። ለሰው ራስ የሚበጅ ለብረት ምን ይከፋል ብዬ ነው። እሱ ዛሬ ሊያድነኝ ብሎ በላዩ ላይ ወሰደው እንጂ፣ ጥፋቱስ የእኔ ነው።» ሳቁ ቆመ። ከዚያ ከኋላ አንዲት አሮጊት ፍክክ አለች፣ ከተማውም ተከተላት፤ አሁን የሚስቁት በእሱ ነው፤ አቶ አድማሴም ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እስኪበቃቸው ድረስ ተሳቀበት። ሀይሉ ከሕዝቡ ጀርባ ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ ያየው የለም። የኔታ ወደ አቶ አድማሴ ድምፅ ዞረው እጃቸውን ዘረጉና ክንዱን ያዙት። «ጎሽ» አሉት፣ ክፍሉን አሳምሮ ለጨረሰ ተማሪ እንደሚሉት። «በሉ አሁን ውሃ ስጡኝ፣ የጾም መፍቻው ሰዓት ደርሷል።» ይሄይስ የመኪናዋን በር እንደ ያዘ ቀረ። ሊያለቅስም ሊጮኽም ፈለገና ሁለቱንም ተወው።

ጀምበር ስትጠልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ከግድግዳው ወዲያ ወይዘሮ እታለም እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። «ለእኔ ራስ ጭልፋ ሲሰስቱ ለጎማ ለጋውን! ልናገር ስል አፌን ይዘው!» ትላለች፤ ባሏ «ተይ አንቺ» ይላታል፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። ሳቁ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ከዚያ እርምጃ ተሰማ፣ ከግድግዳው አጠገብ መጥቶ ቀጥ አለ።

«ይሄይስ።»

«አቤት አያ።»

«ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ።»

ጋዜጣው ኮሽ አለ፤ ሰውዬው ተደግፎት ይሆናል።  «ጠዋትም ትሰማ ነበር?» አለ ድምፁ።

«እሰማ ነበር፣ አያ።»

 ይሄይስ ጠበቀ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከዚያ ግድግዳ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም፤ ያን ማታም አልሰማም። አጎቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የቀኙንም ጎማ ነገ ጠዋት ክፈተው» አለ። «እሱን እንኳ ከላይ ከላዩ ነው የነካካሁት። አንዱን ቀብቼ አንዱን መተው ደስ አላለኝም።»

ይሄይስ ጋቢውን አፉ ላይ ጠቀጠቀ፤ ሳቁ ግን በአፍንጫው ወጣበት፣ ከግድግዳው ወዲያም ተሰማ። «ነገ ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ አያ» አለ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።